ስብሰባው ላይ ዝም ያሉት ሐሳብ አጥተው አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየሳምንቱ የላብራቶሪ ስብሰባ አለን። አንድ ሰው ያቀርባል፣ ፕሮፌሰሩ ይናገራሉ፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ባለፈው ወር ከእኔ በላይ ያለ ተማሪ ያቀረበው ስሌት ላይ ስህተት አይቼ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ትክክል ነበርኩ። ግን ክፍሉ ጭጭ አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል። እውነት ጃፓኖች የራሳቸው ሐሳብ የላቸውም? ቡድናቸውን ከመውደድ ነው ወይስ ከፍርሃት? ተፈጥሯቸው ከሆነስ እኔ እንዴት ልኑር?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተፈጥሯቸው አይደለም። ሐሳብም አላቸው፤ ከጓደኞችህ አንዱ ያን ስህተት ካንተ ቀድሞ አይቶት ሊሆን ይችላል። ሙያዬ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጥናት ነው፤ እዚያው ጃፓን፣ ሳፖሮ ከተማ ተምሬ፣ እዚያው ሠርቼ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ያንተኑ ዓይነት ነገር አድርጌ ያንተኑ ዓይነት ዝምታ ቀምሻለሁና ጉዳዩን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ።

በመጀመሪያ የሆነውን ነገር እንየው። እኛ ስብሰባ ስንል ሐሳብ የሚነሣበት፣ የሚጣልበት፣ ተከራክረን የምንወስንበት ቦታ ነው። ጃፓን ውስጥ ግን፣ በመሥሪያ ቤትም በላብራቶሪም፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ስብሰባ የሚገባው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ክርክሩ ቀደም ብሎ ሁለት ሁለት እየሆኑ በኮሪደር፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ መጠጥ ቤት ውስጥ ተካሂዶ አብቅቷል። ይህን ሥራ «ነማዋሺ» ይሉታል። ቃሉ የአትክልተኞች ነው፤ ሥሩን መዞር ማለት ነው። ትልቅ ዛፍ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተክል ያሰበ አትክልተኛ በአንድ ቀን አይነቅለውም። ከወራት በፊት ዙሪያውን ቆፍሮ ወፋፍራሞቹን ሥሮች ይቆርጣል፤ በምትካቸው ቀጫጭን ሥር እስኪያወጣ ይጠብቃል፤ ዛፉ ሳይደርቅ የሚዛወረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሳብ ያለው ሠራተኛም እንደዚሁ ጉዳዩ የሚነካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይዞራል። የሚቃወመውን ያደምጣል፣ ያርማል፣ እንደገና ይመለሳል። በመሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሪንጊ የሚባል አሠራር አለ፤ ሐሳቡ የተጻፈበት ወረቀት ከታች ተነሥቶ በየጠረጴዛው ይዞራል፣ ያየው ሁሉ የግል ማኅተሙን ያሳርፍበታል። አለቃው ዘንድ ሲደርስ በማኅተም ተሞልቷል። ማኅተሙን ያሳረፈ ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አልስማማም» ቢል የገዛ ቃሉን ነው የሚያፈርሰው።

አሁን ያንተን ቀን ተመልከት። ያ ተማሪ ስሌቱን ከማቅረቡ በፊት ከእሱ ለሚበልጥ ተማሪ፣ ለ«ሰንፓዩ»፣ አሳይቶታል ብዬ እገምታለሁ፤ ምናልባትም ለረዳት ፕሮፌሰሩ። አንተ የአንድ ሰው ስህተት ያረምክ መስሎህ፣ ቀድመው ያዩትን ሁሉ ፕሮፌሰሩ ፊት «ዓይን የላችሁም» አልካቸው። ሰላምታው የቀዘቀዘው በዚህ ነው። እውነት መናገርህ አላስከፋቸውም፤ የተናገርክበት ሰዓት ግን ዛፉ ከተነሣ በኋላ ነበር።

ስለ ሁለት ቃላት ሳትሰማ አልቀረህም፤ ሆንኔ የልብ ሐሳብ ነው፣ ታተማኤ ደግሞ በአደባባይ የሚቆመው ንግግር። አበሻ ይህን ሲሰማ ወዲያው «ሰምና ወርቅ!» ይላል። እኔም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን አልስማማም። በሰምና ወርቅ ወርቁ የተቀበረው እንዲገኝ ነው፤ ያገኘው ይደሰታል፣ የተቀኘውም ይደነቃል። ታተማኤን ግን ማንም እንዲፈታው አይጠበቅም። ከበስተኋላው ሌላ ነገር እንዳለ ሁለቱም ወገን ያውቃል፤ መከባበሩ ያንን ሳይነኩ ማለፉ ላይ ነው። «ኬንቶ ሺማስ»፣ ማለትም እናስብበታለን፣ ሲሉህ አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም ማለታቸው ነው። «ቾቶ…» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ አየር ወደ ውስጥ ከሳቡማ ጉዳዩን ተወው።

ፍቅር ነው ወይስ ፍርሃት ላልከው፣ ከንግግር ይልቅ ሙከራዎቹ ይመልሱልህ። በ1999 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መጠይቅ ለሞሉ መንገደኞች፣ ለአሜሪካውያንም ለምሥራቅ እስያ ሰዎችም፣ ለምስጋና እስክሪብቶ ይቀርብላቸዋል። ከአምስቱ እስክሪብቶዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ከሌሎቹ በቀለም ይለያሉ። አሜሪካውያኑ አብዛኞቹ የተለየውን አነሡ፤ የምሥራቅ እስያ ሰዎች አብዛኞቹ በርከት ካለው ቀለም ወሰዱ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «እነዚህ ልዩ መሆን ይወዳሉ፣ እነዚያ መመሳሰል ይወዳሉ» ብሎ ደመደመ። የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲው ቶሺዮ ያማጊሺና ባልደረቦቻቸው ግን አልረኩም። በ2008 ባሳተሙት ጥናት ጥያቄውን ጃፓናውያንና አሜሪካውያን ፊት በሌላ መልክ አቀረቡት። «ከአምስት ሰዎች መጀመሪያ የምትመርጠው አንተ ነህ» ሲባል ጃፓናዊውም አሜሪካዊውም ብርቁን ለሌላው ትቶ ከብዙው አነሣ። «አንተ የመጨረሻው ነህ፣ ካንተ በኋላ የሚመርጥ የለም» ሲባል ሁለቱም ብርቁን ወሰዱ። ልዩነቱ የታየው ምንም ሳይነገራቸው ሲቀር ብቻ ነው።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ያነበብኩበትን ቀን አልረሳውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ጃፓኖች ልብ የደመደምኩትን ነው ያፈረሰብኝ። የልብ ምርጫቸው አንድ ነው። የሚለየው ምልክት በሌለበት ጊዜ ሰው አስቀድሞ የሚገምተው ነገር ነው። ጃፓናዊው ማንም ካልነገረው በስተቀር «ሌሎች አሉ፣ ያዩኛል፣ የምወስደው እነሱን ይነካል» ብሎ ይጀምራል። አሜሪካዊው «የኔ ጉዳይ ነው» ብሎ ይጀምራል። ጃፓናዊው የሚያሰላው ይህን ነው፤ ስሌቱም እሱ ለሚኖርበት ቦታ ትክክል ነው።

ያማጊሺ ከዚያም ቀደም ብለው፣ በ1988፣ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አሳትመዋል። ሰዎችን በትንሽ ቡድን አድርገው በጋራ የሚያተርፉበትን ጨዋታ ያጫውቷቸዋል፤ ቡድኑ ውስጥ ሰነፍ ካለ የሌላውን ድካም ይበላል። የፈለገ ግን ከቡድኑ ወጥቶ ብቻውን መሥራት ይችላል። ማን በብዛት ወጣ? ጃፓናውያኑ፣ መውጣቱ ገንዘብ እያስከፈላቸውም ጭምር። እርስ በርስ የማይተያዩበት፣ ሰነፉ የማይቀጣበት ቡድን ውስጥ ሲገቡ የ«ቡድን ሰው» የተባሉት ከአሜሪካውያኑ ቀድመው ሄዱ። ስለዚህ በቡድን የሚያቆያቸው ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያም በቆዩ ነበር። የሚያቆየው መተያየቱ፣ አብሮ የመክረሙ ርዝመትና የመውጫው በር ጥበት ነው።

አንድ ልጨምር። ሰለሞን አሽ የሚባሉት የሥነ ልቦና ሰው በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የመስመሮችን ርዝመት እያሳዩ፣ ሌሎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ሰው ዓይኑን ትቶ ይከተላቸው እንደሆነ ፈትነው ነበር፤ ብዙዎች ተከተሉ። ይኸው ፈተና ቶኪዮ ውስጥ በማይተዋወቁ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ1970 ሲታተም፣ ጃፓናውያኑ ከአሜሪካውያኑ የበለጠ አልተከተሉም፤ እንዲያውም ሌሎቹ ትክክል ሲሉ እሱ ሆን ብሎ የሚሳሳት እምቢተኛም ተገኘ። በኋላ በ1984 በአንድ ክበብ አብረው በሚውሉ ተማሪዎች ላይ ሲሞከር ግን መከተሉ በግልጽ ጨመረ። ሰዎቹ ጃፓናውያን ናቸው፣ መስመሮቹም ያው መስመሮች ናቸው፤ የተለየው ነገ ጠዋት የሚገናኙ መሆናቸው ነው። ላብራቶሪህ የትኛውን እንደሚመስል ልነግርህ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለዚህ ዓይን እነሱ ስም አላቸው፤ «ሴኬን» ይሉታል። ከቤተሰብ የሰፋ፣ ከማያውቁት ሕዝብ የጠበበ፣ «ምን ይለኛል» የሚባልለት ሰው ሁሉ ማለት ነው። ይሉኝታ ያላት አገር ልጅ ስለሆንክ ይህ ለአንተ ከፈረንጅ ይልቅ ቅርብ ነው። ሳፖሮ በገባሁ በሁለተኛው ወር ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ተሳስቼ የሚቃጠለውን በፕላስቲክ ቀን አወጣሁ። ማንም ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን ከቤት ቤት የሚዞረው የሰፈሩ ማስታወቂያ፣ «ካይራንባን» የሚባለው፣ ከጎረቤቴ እጅ ደረሰኝ። ውስጡ ስለ በረዶ ጠረጋና ስለ እሳት ጥንቃቄ ይናገራል፤ ታች ላይ አንዲት መስመር «ሰሞኑን የቆሻሻ ቀን የሚሳሳቱ አሉና እንተባበር» ትላለች። ስም የለም። ሃያ አባወራ ማኅተሙን አሳርፎ አልፏል፤ የቀረችው የእኔ ቦታ ናት። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ እገላገል ነበር።

እዚህ ላይ ይመስለኛል ከእኛ የሚለዩት። እድር ስብሰባ ላይ ሰው ይጮኻል፣ ይቀየማል፣ ይቀጣል፤ ከዚያ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል፣ ቡና ይፈላል። የተሰበረውን የምንጠግንበት ደንብ ስላለን ለመስበር ያን ያህል አንፈራም። ጃፓን ውስጥ ደንቡ ሁሉ ያለው ከመሰበሩ በፊት ነው፤ ከተሰበረ በኋላ ያለው መንገድ ቀጭን ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ግን እየጠነከረብኝ ነው የሄደው።

ከየት መጣ ካልክ፣ መጀመሪያ የሚነገርህ የሩዝ ማሳ ነው። አንድ ወንዝ ከማሳ ወደ ማሳ እየወረደ ሁሉን ያጠጣል፤ አንዱ ያለተራው ውኃውን ቢከፍት የታችኛው ጎረቤቱ ይደርቃል። ችግኝ ማዛወርም ጣራ መክደንም በ«ዩኢ» ነበር፤ ወንፈል ማለት ነው። ሺራካዋጎ መንደር የሣር ክዳን ለመቀየር ዛሬም በዚህ ደንብ ይሰበሰባሉ። ደንብ ያፈረሰ «ሙራሃቺቡ» ይደረግበታል፤ የመንደር ስምንት እጅ ማለት ነው። ከአሥሩ የመንደር ግንኙነት ስምንቱን ይነፍጉታል፣ እሳት ሲነሣና ሰው ሲሞት ብቻ ይደርሱለታል ይባላል። መንግሥትም ይህን በሚገባ ተጠቅሞበታል። የቶኩጋዋ ቤት የጦር አለቆች አገሪቱን በሚገዙበት ዘመን አምስት አምስት ቤት በአንድ እያሰረ ግብሩንም ወንጀሉንም በጋራ አስጠየቃቸው። በ1940 በጦርነቱ ሰዓት የጎረቤት ማኅበር በአዋጅ አቋቁሞ ራሽን በእሱ አደለ፤ አሜሪካኖች አገሪቱን ይዘው ሳለ በ1947 ታገደ። የእኔ ካይራንባን የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ግን ሁሉን ለሩዝ መስጠት ስንፍና ነው። የዛሬው ናጎያዊ ጓደኛህ ማሳ ረግጦ አያውቅም። እሱን የሠራው ትምህርት ቤት ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በተራ ነጭ ጋውን ለብሶ ለክፍሉ ልጆች ምሳ ሲያድል፣ ከሰዓት በኋላ ወለሉን በጨርቅ ሲወለውል አድጓል። በ2022 በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ደጋፊዎቻቸው ስታዲየም ሲያጸዱ ዓለም ተደነቀ፤ ለእነሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሥራ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ቅጥሩ ነው። ተመራቂዎች በፈረንጆቹ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 1 በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጥቁር ልብስ ይገባሉ። በዚያች በር ያልገባ በሌላ በር መግባት ይከብደዋል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ለቆ መውጣት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትልቅ ኪሳራ ነበር። ብዙ ዓመት አብረውህ ከሚቆዩ ሰዎች ጋር ስትሆን ንግግርህን ትመዝናለህ፤ ማንም ይመዝናል።

ማስረጃ አለኝ፤ የአባቶች የወሊድ ፈቃድ። የጃፓን ሕግ ለአባት ሰፊ ፈቃድ ከሚሰጡት የዓለም ሕጎች አንዱ ነው፤ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ማረፍ ይችላል። ነገር ግን በ2012 ፈቃዱን የወሰዱት አባቶች ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። በ2017 የታተመ ጥናት ወንዶቹን ሲጠይቅ ብዙዎቹ «እኔ በጎ ነገር ነው እላለሁ፤ ሌሎቹ ግን አይወዱትም» ብለው ያምኑ ነበር። ብዙው ይፈልጋል፤ ሌላው አይፈልግም ብሎ ግን ይተወዋል። በ2022 ሕጉ ተሻሽሎ አሠሪው እያንዳንዱን አባት ጠርቶ «ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ ተጣለበት፤ በቀጣዩ ዓመት ትልልቅ ድርጅቶች ቁጥራቸውን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ተደረገ። በ2023 ፈቃዱን የወሰዱት ከመቶ ሠላሳ ደረሱ። በአሥር ዓመት ውስጥ የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ አይለወጥም። የተለወጠው ማን እንደሚጠየቅና ምን እንደሚታይ ነው።

ይህ ነገር የሚያምር ፊት ብቻ ያለው እንዳይመስልህ። ኦሳካ ውስጥ ጸጉሯ በተፈጥሮ ቡናማ የሆነ ተማሪ ጥቁር ካልተቀባሽ እየተባለች ከትምህርት ቀርታ በ2017 ከሰሰች። ክፍሏ ውስጥ ወንበሯ ተነሥቶ፣ ስሟ ከስም ዝርዝር ወጥቶ ነበር፤ ሙራሃቺቡ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ማለት ነው። በ2021 ፍርድ ቤቱ 330,000 የን ካሳ ፈረደላት፤ የጸጉር ደንቡን ግን ሕገ ወጥ አላለውም። እኔ ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል። በ1923 በታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ደግሞ «ኮሪያውያን ጉድጓድ መረዙ» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የየሰፈሩ ሰዎች በጥበቃ ቡድን ተደራጅተው በሺህ የሚቆጠሩ ኮሪያውያንን ገደሉ። በ2011ዱ መንቀጥቀጥና ሱናሚ ጊዜ ተሰልፈው ውኃ ሲጠብቁ ያየናቸውም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ሁለቱንም ያደረገው ሰፈር ነው። ጎረቤትን ለሰልፍ የሚያሰባስበው ክር፣ ወሬ ሲገባበት ለሌላም ያሰባስባል፤ «ጃፓኖች ሥርዓታሞች ናቸው» ሲባል ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

እኛም ይህን ሕዝብ አንድ ልብ አድርገን ማየት የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ደርሰው ያዩትን በአድናቆት ጽፈዋል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም በአብዛኛው የተቀዳው ከጃፓን የሜጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ነበር። ከዚያ ወዲህ ካይዘንም፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ መጣ። ካይዘን ሲገባባቸው ባየኋቸው ቦታዎች የወሰድነው ሰሌዳውንና የቡድን ስብሰባውን ነው፤ ከስብሰባው በፊት ያለውን መዞር የሚያስተምር አላየሁም። ይህን አንተ ስትመለስ ይዘኸው ብትመጣ ደስ ይለኛል።

አሁን ስላንተ። ስህተት ማየትህን አታቁም፤ ላብራቶሪው የሚፈልገው ዓይንህን ነው። መንገዱን ግን ለውጥ። ያን ተማሪ ብቻውን ፈልገውና «ሶዳን ጋ አሪማስ» በለው፤ የምመካከርህ ነገር አለኝ ማለት ነው። ይቅርታ አታብዛ፣ ስለዚያ ቀንም ብዙ አትናገር። የራስህን ስሌት አውጥተህ «እዚህ ጋ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ታይልኛለህ?» በለው። ከሥራ በኋላ ለመጠጥ ሲወጡ፣ «ኖሚካይ» ሲሉ፣ ባትጠጣም ሂድ፤ ሻይ ይዘህ ተቀመጥ። በቀን የማይነገረው እዚያ ይነገራል፤ በማግሥቱ ግን የሰማኸውን አንሥተህ አታውራ። ወደፊት ሌላ ስህተት ስታይ ከስብሰባው በፊት ካገኘኸው ለባለቤቱ ንገረው፤ ስብሰባው ላይ ካየኸው ደግሞ በጥያቄ አድርገው፣ «ይህች ቁጥር ከየት እንደመጣች አልገባኝም» በል፤ የሚያርመው ራሱ ይሁን።

የራስህ ተራ ሲደርስ ሥራህን ከሦስት ቀን በፊት ለእሱ አሳየው። የሚያርመው ነገር ያገኛል። ስታቀርብ እርማቱ ያለበት ገጽ ላይ ስትደርስ «ይህን ያቀናልኝ እሱ ነው» ብለህ በስሙ ጥራው፤ ፕሮፌሰሩ እየሰሙ።